ሊዝ እንጂ ለዛ የለህም

«ፈጠራ ምን ይሠራል? ሰው ይኑርህ እንጂ!» አለ አያ መስመሩ። ሰማችሁልኝ? በሉ ቀረብ ቀረብ በሉ፣ ፍረዱን። ስሙን ያወጣለት ሰፈሩ ነው፤ «መስመር አለኝ» ሳይል አይመሽለትማ! ማኪያቶ ሲያዝ እንኳ «እዚህ ቤት ሰው አለኝ» ይላል። ያለህማ! አስተናጋጁ ሰው አይደለም እንዴ?

አያ መስመሩ፣ ልብ በል። «ሰው አለኝ» ያለ ሁሉ «እኔ የለሁም» እያለ ነው። የመብራት መስመር አምፖል ያበራል። የስልክ መስመር ድምፅ ያደርሳል። የባቡር መስመር ጭነት ይወስዳል። ያንተ መስመር ማንን የት አደረሰ? አንተን ብቻ፣ ያውም በሌላ ሰው ተራ!

«ጉዳይ ገዳይ ነኝ!» ትላለህ ደግሞ፣ ደረትህን ነፍተህ። ግዳይህን ጣልና እንየው! የድሮ ጀግና አንበሳ ገድሎ ጎፈሩን ይዞ ይመጣ ነበር። አንተ የገደልከው የማንን ጉዳይ ነው? ከጠዋት ጀምራ ሰነዷን በፌስታል ይዛ መስኮቱ ፊት የቆመችውን እናት ጉዳይ ነው። አንተ በጓሮ ገባህ፤ እሷ «ነገ ተመለሺ» ተባለች። ያንተ ጉዳይ አለቀ፣ የእሷ ጉዳይ ሞተ። ይኼ ጀግንነት ከሆነ ተነስና ፎክር፤ «ዘራፍ በፊርማ፣ ገዳይ በማኅተም!» በል፤ እኛም እልል እንዳንልልህ አፋችንን እንይዛለን።

«ንግዴ አየር ባየር ነው!» እሱንም ነግረኸናል። ሲሚንቶ ትሸጣለህ፤ ሲሚንቶ ግን ነክተህ አታውቅም። ኩንታሉ ከፋብሪካው በር ሳይወጣ አምስት ሰው ይገዛዋል፣ አምስት ሰው ይሸጠዋል። ከአምስታችሁ ያንዳችሁን ጫማ እንኳ አቧራ አልነካውም። በየእጁ ዋጋው ይጠነክራል፣ ሲሚንቶው ያው ነው። ቤት ሠሪው ዋጋውን ሲሰማ ከሲሚንቶው በፊት እሱ ይደርቃል። ስማ፣ አየር መንገድ እንኳ አየር ላይ የሚነግደው አውሮፕላን ይዞ ነው! አንተ ምን ይዘህ ነው? ሁለት ስልክ!

«መሬት ይዣለሁ፤ ቦሌ ነው፣ ሊዝ ነው!» ይዘሃል። ምን ሠራህበት? በቆርቆሮ አጠርከው። የሊዝ አዋጁ፣ ቁጥር 721/2004፣ መሬት የወሰደ ሰው በተወሰነለት ጊዜ ግንባታ ይጀምር ይላል። አንተ የጀመርከው መጠበቅ ነው። ቆርቆሮህ ዝጓል፣ ዋጋው አድጓል። ማን አሳደገው? አስፋልት ያነጠፈው፣ የውኃ ቧንቧ የቀበረው፣ አጥርህ ጎን ዳቦ ቤት የከፈተው። አንተ ያሳደግከው ሣር ብቻ ነው፤ እሱንም ዝናብ አግዞህ! አየህ፣ ሊዝ እንጂ ለዛ የለህም።

«ገንዘብ ገንዘብን ይወልዳል!» ኧረ? ማን አዋለደው? ብርን ከብር ጋር ካዝና ውስጥ አሥር ዓመት ብትቆልፈው አንድ እንጀራ አይወጣውም። ወለድ ይወለዳል፣ ዳቦ ግን ይጋገራል። ብር የሚወልደው ሥራ ሲያገባ ነው። ያለ ሥራ የወለደው ልጅ ስሙ የዋጋ ንረት ነው። ደግሞ ወላጁ አንተ ሆነህ አሳዳጊዎቹ እኛ መሆናችን! ሽንኩርት ተራ በሄድን ቁጥር ቀለቡን የምንቆርጠው እኛ ነን።

«ዶላር ማግኘትም ዕውቀት ነው!» አዎ፣ ማንን እንደሚያውቁ ማወቅ። እስከ ሐምሌ 2016 ዓ.ም. ድረስ አንድ ዶላር በባንክ 57 ብር ገደማ ነበር፤ በጥቁር ገበያ ደግሞ ከ100 በላይ። አንተ በባንኩ ዋጋ ተቀበልክ፣ ዕቃህን በጥቁሩ ዋጋ ተመንክ። መሐል ያለው ከ40 ብር በላይ የማን ላብ ነው? አንድ ጥርስ አልዞረበትም፣ አንድ ብሎን አልጠበቀበትም። ከዚያ ሐምሌ 22 ቀን ብሔራዊ ባንክ ተመኑን ለገበያ ለቀቀው፤ በጥቂት ሳምንታት የባንኩም ዋጋ ከ100 ዘለለ። ያ ዕውቀትህ የት ገባ? በአንድ መግለጫ የሚሻር ዕውቀት ምን ዓይነት ዕውቀት ነው? የፓይታጎረስን ቀመር ማንም ባንክ በመመሪያ አይሽረውም!

«ቢሆንም የሀብት ቁንጮ እኔ ነኝ!» ቁንጮን ታውቀዋለህ? ላስተዋውቅህ። ቁንጮ ጤፍ ነው። በደብረ ዘይት የግብርና ምርምር ማዕከል ተዳቅሎ እ.ኤ.አ. በ2006 የተለቀቀ ዘር ነው። እናቱም አባቱም የታወቁ ናቸው። ዱከም የተባለው ዘር ምርት ይሰጣል፣ ገበያ የሚስብ ንጣት ግን የለውም። ማኛ ነጭ ነው፣ ምርቱ ግን ያንሳል። ሁለቱን አጋቧቸው፤ ነጭም ምርታማም ልጅ ወጣ። አንተም ማዳቀል ታውቃለህ፤ የአክስትህን ልጅ ከኃላፊው ሹፌር ጋር!

ደግሞ ጋብቻው እንደ ቀላል እንዳይመስልህ። የጤፍ አበባ ኢምንት ናት። ወንዴውም ሴቴውም እዚያችው አበባ ውስጥ ተዘግተው ይጋባሉ፤ ሽማግሌም ደላላም አይጠሩም። የተለየ ሙሽራ ላምጣ ያለ ተመራማሪ ማይክሮስኮፕ ላይ አጎንብሶ፣ ትንፋሹን ይዞ፣ በቀጭን መርፌ ወንዴውን ነቅሎ ማውጣት አለበት። «ጤፍ አይዳቀልም» ተብሎ ብዙ ዘመን ተቀምጧል። አበባዋ ማለዳ 1 ሰዓት ግድም ለአጭር ጊዜ እንደምትከፈት እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ የደረሱበት ዶክተር ታረቀ በርሄ ናቸው። ማዳቀሉ የተቻለው ከዚያ ወዲህ ነው። አያ መስመሩ፣ በዚያ ሰዓት አንተ እንኳን አበባ ዓይንህም አልተከፈተም! ስንት ገበሬ ዛሬ ቁንጮ ይዘራል፤ ለተመራማሪው ኮሚሽን የከፈለ አንድ የለም። ቁንጮ ማለት እንደዚያ ነው፤ ከላይ ሆኖ ለታች የሚተርፍ።

«ፈጠራ የፈረንጅ ነው፤ እኛ ጋ አይሆንም!» አድዋ ውረድ። እ.ኤ.አ. በ1964 ነው። ሴቶች ወንዝ ዳር ልብስ ያጥባሉ፤ ሳሙናቸው እንዶድ ነው። እነሱ ከሚያጥቡበት ዝቅ ብሎ ቀንድ አውጣዎች ሞተው ይታያሉ። ያንን ወንዝ ስንት ሺህ ሰው ተሻግሮታል! ዶክተር አክሊሉ ለማ ግን ጎንበስ ብለው አዩ። የቢልሃርዝያን ተሕዋስ የሚያስተላልፈው ቀንድ አውጣ ነው፤ እንዶዱ ደግሞ ቀንድ አውጣውን ይገድላል። ከዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር ምርምሩን ገፉበት፤ እ.ኤ.አ. በ1989 ብዙዎች «አማራጭ ኖቤል» የሚሉትን የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት ተቀበሉ። አየህ ጎንበስ ማለት? አንተም ጎንበስ ትላለህ፤ ቢሮ በር ላይ!

«እኔም ፈጠራ አላጣሁም!» አላጣህም፤ የፈጠራ ደረሰኝ፣ የፈጠራ ተጫራች፣ የፈጠራ ሠራተኛ ስም ዝርዝር። ብቻህን ግን አይደለህም፤ ባሕር ማዶም ወገን አለህ። አንድ የሆላንድ ኩባንያ የኛን ጤፍ ወስዶ በዱቄቱ አዘገጃጀት ላይ እ.ኤ.አ. በ2007 የአውሮፓ ፓተንት አወጣበት። ወረቀቱ ነበረው፣ ማኅተሙ ነበረው፣ ጠበቃው ነበረው። እ.ኤ.አ. በ2018 የሆላንዱ ፍርድ ቤት መረመረውና ፓተንቱን በሆላንድ ሻረው፤ ፈጠራ አጥቶበታል። እናቶቻችን በየቀኑ አቡክተው በነጻ የሚጋግሩትን ነገር «ባለቤቱ እኔ ነኝ» ማለት ድፍረት ይጠይቃል፤ ጭንቅላት ግን አይጠይቅም። አያ መስመሩ፣ ይኼን ስትሰማ ለምን ፈገግ አልክ? ዘመድህ ነው እንዴ? ዘመድ ከዘመዱ፣ አህያ ከአመዱ!

«እነዚያ እኮ እጃቸው ግራሶ ነው፤ እኔ ሱፍ ለባሽ ነኝ!» ይቺ ያንተ አይደለችም፤ ከድሮ የወረስካት ናት። ብረት የቀጠቀጠውን ቡዳ፣ ቆዳ የፋቀውን ፋቂ እያልን ማረሻችንን ከእጁ ተቀበልን፣ እጁን ግን አልጨበጥንም። ነውሩ ያኔም ገብቷቸው ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለሙያን በሙያው መስደብ የሚከለክል አዋጅ አስነገሩ። አዋጁ ከመቶ ዓመት በላይ ሆነው፤ አንተ ጋ ገና አልደረሰም፣ መስመርህ ተይዞ ይሆናል! ምናለሽ ተራ ወርደህ እይ። አሮጌ በርሜል ገብቶ ምድጃ ሆኖ ይወጣል። ቁራጭ ላሜራ ገብቶ አካፋ ሆኖ ይወጣል። መዶሻው ቀኑን ሙሉ ይጮሃል፣ ጆሮ ይደነቁራል፣ ቤት ግን ያድራል። አንተ አንድ ቢሮ ውስጥ ምን ገብቶ ምን ሆኖ ወጣ? ፖስታ ገብቶ አንተ ወጣህ! እሱ ባለእጅ ነው፤ አንተ ባለ እጅ መንሻ!

«ባለገንዘብ ባይኖር ፈጣሪውስ ምን ይበላ ነበር?» አሁን ሳታስበው እውነት አመለጠችህ። አዎ፣ ገንዘብ ያስፈልጋል። ጄምስ ዋት የእንፋሎት ሞተሩን ፓተንት እ.ኤ.አ. በ1769 አወጣ፤ ደጋፊው ከሰረና ሥራው ተንገዳገደ። ማቲው ቦልተን የተባለ የበርሚንግሃም ባለፋብሪካ መጣ፤ እ.ኤ.አ. በ1775 ሽርክና ገቡ። ከማዕድን ቆፋሪዎቹ ምን ያስከፍሉ እንደነበር ታውቃለህ? ከድሮው ሞተር ጋር አስተያይተው፣ አዲሱ ካዳነው የከሰል ወጪ ሲሶውን! ሞተሩ ምንም ካላዳነ ሲሶውም ባዶ ነው። ደንበኛው ሁለት እጅ ተረፈው፣ እነሱ አንድ እጅ ወሰዱ። አንተም ሲሶ ትቆርጣለህ፤ ያንተ ሲሶ ግን የሚቆረጠው ካተረፍክለት ላይ ሳይሆን ካከሰርከው ላይ ነው። ቦልተን ገንዘብ ነበረው፣ ቦታውንም ያውቅ ነበር። አንተ ገንዘብ አለህ፣ የምታውቀው ቦታ ግን ካሬ ሜትሩን ብቻ ነው!

«ታዲያ ፈጣሪው ባንክ ሄዶ አይበደርም?» ሄደ እንጂ! ቶርኖ ቤት ተምሮ የጤፍ መውቂያ ማሽን የሠራ አንድ ልጅ አለ። ኩሽኔታውን ከአሮጌ መኪና ፈታ፣ ላሜራውን በየደ፣ ሞተሩን አሰረ፣ ገበሬው ፊት ወቃ። ማሽኑን ፎቶ አንስቶ ባንክ ሄደ። ፎቶውን ማንም አላየለትም። «ካርታ አለህ?» አሉት። የቤት ካርታ የሌለው ሰው እኛ አገር ጨዋታው ውስጥ የለም፤ ካርታ የያዘ ያዛል፣ ካርታ የሌለው ያዝናል! ተንቀሳቃሽ ንብረት ዋስትና እንዲሆን አዋጅ ቁጥር 1147/2011 ወጥቷል፤ ማሽንም፣ ከብትም፣ ሰብልም ዋስ መሆን ይችላሉ። ሕጉ በሬውን አምኗል፤ ባንኩ ገና ልጁን አላመነም። አንተ ግን በዚያው ሳምንት በአንድ ስልክ ተበደርክ። በምን ዋስ? በሰላምታ! ብድር በምድር ይባል ነበር፤ ያንተ ብድር በዘመድ ሆነ።

«የባንክ ሰው እኮ ነው ዘመናዊው ፈጣሪ!» የባንክ ሰው ራሱ ይመልስልህ። ፖል ቮልከር የአሜሪካንን ማዕከላዊ ባንክ የመሩ ሰው ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ2009 ዓለም ከገንዘብ ቀውስ ገና ሲንገዳገድ፣ ባለፉት 20 ዓመታት ካዩት የፋይናንስ ፈጠራ ሁሉ ትልቁ ኤቲኤም መሆኑን ለባንክ ሰዎቹ ፊት ለፊት ነገሯቸው። ኤቲኤም! እሱም ማሽን ነው፤ ጥርስ አለው፣ ሽቦ አለው፣ መሐንዲስ ነው የሠራው። ደግሞ ምግባሩን እይ። ካርድህን ስታስገባ «ማን ልኮህ ነው?» አይልም። «አለቃው ስብሰባ ላይ ናቸው» አይልም። የእናትህን አገር አይጠይቅም። ቁጥርህ ልክ ከሆነ ይሰጥሃል፣ ካልሆነ ይከለክልሃል። ለዚህ እኮ ነው አንተ የማትወደው፤ ኤቲኤም ዘመድ የለውም!

«ብልጥ ሁን! ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል!» የበላውስ? ሲሻር ያስመልሰዋል! ብልጥ ለብልጥ ዓይን ብልጥጥ ሲባል አልሰማህም? ሹም በተቀየረ ቁጥር አንተ ዘመድ ትቀይራለህ። ትናንት የአጎትህ ልጅ የነበረው ዛሬ «የማን ነበር እሱ?» ይባላል። ስልክህ ውስጥ ያለው ስም ግማሹ «አገልግሎት አይሰጥም»። ቁንጮ ከተለቀቀ ወዲህ ስንት ሹም ተሾመ፣ ስንት ሹም ወረደ? ጤፉ ግን ሐምሌ በመጣ ቁጥር ይዘራል። ሹመት ላይ የበቀለ ሀብት በሽረት ይረግፋል፤ ሥራ ላይ የበቀለ ሀብት ዘሩ ከባለቤቱ ይተርፋል።

«ታዲያ እኔ ምንድን ነኝ ልትል ነው?» በቆሎና ማሽላ የሚያርስ ገበሬ ጠይቅ፤ ስምህን ያውቀዋል። አቀንጭራ፣ አረሙ! አትቆጣ፤ አበባው ያምራል፣ ወይን ጠጅ ቀለም ነው፤ ማሳውን ከሩቅ ላየ ሠርግ ይመስለዋል። ከሥር ግን ከማሽላው ሥር ጋር ተጣብቆ ውኃውንም ምግቡንም ይመጠምጣል። ማሽላው ይቀነጭራል፣ እሱ ያብባል። ዘሩ አፈር ውስጥ ዓመታት ተኝቶ ይቆያል፤ የሚነቃው የማሽላው ሥር የሚያመነጨው ኬሚካል ሲሸተው ብቻ ነው። ሽታው ከሌለ ዘላለም እንቅልፍ! አንተስ? የጨረታ ሽታ ሳይደርስህ ከአልጋ ወርደህ ታውቃለህ?

አሁን ደግሞ ከወሎንኮሚ የተነሱትን ሰው ስማ። ፕሮፌሰር ገቢሳ ኤጀታ በአሜሪካው ፐርዱ ዩኒቨርሲቲ ከባልደረቦቻቸው ጋር አቀንጭራን ሲያጠኑ አረሙን ብቻ አላሳደዱም። ለምን ይነቃል ብለው ጠየቁ። መልሱን አገኙና፣ ያንን የሚቀሰቅሰውን ኬሚካል እጅግ ጥቂት የሚያመነጭ ማሽላ አዳቀሉ። ማሽላው ቆመ፣ አቀንጭራው ተኛ። እ.ኤ.አ. በ2009 የዓለም የምግብ ሽልማት የተሰጣቸው በዚህም ሥራቸው ነው። አንድ ሰው ማሽላ ላይ ተጨንቆ የስንቱን ጎተራ ሞላ! አንተ ዕድሜህን ሙሉ ሰው ላይ ተጣብቀህ የሞላኸው አንድ ጋራዥ ነው፤ እሱም በሁለት መኪና።

እኛም የምንማረው ይኼንኑ ነው። አያ መስመሩን በስድብ ብትነቅሉት ነገ ወንድሙ ይበቅላል። ሽታውን ነው ማጥፋት! ሽታው ሁለት ዋጋ ያለው ዶላር ነው። ሽታው ወረፋ ያለው ሲሚንቶ ነው። ሽታው ያልተለጠፈ ጨረታ ነው። ሽታው አንድ ሰው ብቻ የሚፈርመው ፊርማ ነው፤ ያ ሰው «ምሳ ወጥቷል» ሲባል ደግሞ ሽታው እስከ ሆቴሉ ይሸታል! ጨረታው አደባባይ ይለጠፍ። ተራው በቁጥር ይሁን። የታጠረው መሬት ይሠራበት ወይም ለሚሠራበት ይሰጥ። ባንኩ የአባትን ካርታ ብቻ ሳይሆን የልጁን ማሽን ይይ። ሥራ ለሠሪው፣ እሾህ ለአጣሪው ብለን የተረትነው እኛ ነን፤ ሥራውን ለሠሪው እንስጠዋ!

አያ መስመሩ፣ ላብህን ጥረግ፤ ምቀኛህ አይደለሁም። ሰው ማግባባት ትችላለህ፤ እሱ ሙያ ነው። ያ ቶርኖ ቤት ያለው ልጅ መውቂያውን ሠርቷል፣ መሸጥ ግን አይችልበትም። ገበሬውንና ልጁን አገናኝ። ማሽኑ ሲሸጥ ኮሚሽንህን ቁረጥ፣ በደረሰኝ ቁረጥ፣ እናጨበጭብልሃለን። በዕድሜህ ለመጀመሪያ ጊዜ የሸጥከው ዕቃ በእጅ የሚነካ ይሆናል! እምቢ ካልክም ግድ የለም። በሩ ለሁሉም እኩል የተከፈተ ዕለት ሰልፉ ላይ እንገናኛለን። ቦታ ግን አልይዝልህም!